ትበላለች ግን ትከሳለች፦ ስለ 14 ዓመቷ ጉሬዛ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ ጉሬዛ የምትባል 14 ዓመት የሞላት ሴት ድመት አለችኝ። አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። እንዳትወልድ ማህፀኗ በኦፕራሲዮን ወጥቷል። ከክረምቱ ጀምሮ ከድሮው በላይ ትበላለች፣ ግን ጀርባዋ አጥንት ብቻ ሆኗል። ውሃ በጣም ትጠጣለች። ሌሊት ቤቱን እየዞረች ታላዝናለች። አልጋዬ ላይ መውጣትም ትታለች፤ እግሯን ያማት ይመስለኛል። ጎረቤቶቼ ‹አርጅታ ነው፣ ተያት› ይሉኛል። እናቴ ወተት ጨምሪላት ትላለች። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ ‹ኩላሊቷ ነው› ብላ የኩላሊት ምግብ በሰው ልትልክልኝ ነው። ምግቡን ልጀምርላት? ለእግሯስ ግማሽ ፓራሲታሞል ብሰጣት ችግር አለው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ለነገ አይባልም። ፓራሲታሞል እንዳትሰጫት። ግማሽም ሩብም አይሆንም። ይህን መድኃኒት አጣርቶ ለማስወጣት የሚያስፈልገው ኢንዛይም በድመት ጉበት ውስጥ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ መርዝነት ይለወጥና ቀይ የደም ሴሎቿን ያበላሻል፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። በኪሎ 10 ሚሊ ግራም እንኳ ድመት መርዞ ያውቃል። ግማሽ ክኒን 250 ሚሊ ግራም ነው። 3 ኪሎ ለምትመዝን ድመት ይህ በኪሎ ከ80 ሚሊ ግራም በላይ ይሆናል። ይህን ከማንበብሽ በፊት ሰጥተሻት ከሆነ አሁኑኑ ወደ ሐኪም ውሰጃት፤ ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ እስኪሆን፣ ፊቷና መዳፏ እስኪያብጥ አትጠብቂ። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን ይባላል፤ ለሰውም ለዚሁ ይሰጣል፤ የሚጠቅመው ግን ቶሎ ሲጀመር ነው። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም አይነኩም። እነሱ ደግሞ ሆዷንና ኩላሊቷን ነው የሚመቱት።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ጉሬዛ አርጅታለች፣ እሱ ላይ ከጎረቤቶችሽ ጋር አልከራከርም። 14 ዓመት በሰው ዕድሜ ሲሰላ ሰባን ያለፈ ነው። ግን እርጅና ብቻውን በደንብ የምትበላን ድመት አጥንቷ እስኪወጣ አያከሳም። ‹ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ› ይባል የለ? እኔን የምታሳስበኝ ዓመሏን የረሳችው ናት። አልጋ ላይ ካልተኛች የማትረካ ድመት መውጣት ከተወች፣ ሌሊት ድምፅዋ የማይሰማ ድመት ማላዘን ከጀመረች፣ የሆነ ነገር አለ።

እህትሽ ኩላሊት ማለቷ መሠረት የሌለው አይደለም። የኩላሊት ድካም በአረጁ ድመቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ ውሃ ማብዛትና መክሳትም ምልክቶቹ ናቸው። የእኔ ችግር ከምግብ ፍላጎቷ ጋር ነው። ኩላሊቷ እስከዚህ ድረስ የደከመ ድመት ብዙ ጊዜ ምግብ ይዘጋታል። ሳህኑን አሽትታ ትሄዳለች፣ ታስመልሳለች፣ አፏ ይሸታል። የአንቺዋ ግን ጨምራ ትበላለች። አብዝታ እየበላች፣ አብዝታ እየጠጣች የምትከሳ አሮጊት ድመት ስትመጣ መጀመሪያ የማስበው ሁለት ነገር ነው፦ ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና ስኳር። ኩላሊት ሦስተኛ ነው። ከሁለቱ ጋር ተደርቦ ሊኖርም ይችላል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ለዚህ ነው የኩላሊት ምግቡን ገና አትጀምሪ የምልሽ። የዚያ ምግብ ዋና ሥራው ፎስፈረስን መቀነስ ነው፤ ፕሮቲኑም አብሮ ዝቅ ያለ ነው። ታይሮይዷ ከልክ በላይ የሚሠራ ድመት ደግሞ ጡንቻዋን እያቃጠለች ነው ያለችው። ፕሮቲን ቀንሰሽ ብትሰጫት ከስቶ ያለቀውን ጀርባዋን ይብስ ታከሽዋለሽ። እህትሽ መርዳት ከፈለገች የምግቡን ዋጋ ለምርመራ ትላከው። ምርመራው ኩላሊት ነው ካለ ያኔ ምግቡ ይመጣል፤ ያኔ ዕድሜ እንደሚያራዝም የታወቀ ነገር ነው።

ታይሮይድ አንገት ላይ፣ ከጉሮሮ ግራና ቀኝ ያለች ዕጢ ናት። ሰው ላይ ስታብጥ እንቅርት የምንላት። በአረጁ ድመቶች ላይ እብጠት ታወጣና፣ ብዙውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው፣ ሆርሞኑን ያለ ልክ ታመርታለች። ያኔ መላ ሰውነቷ ይጣደፋል። ልቧ ይሮጣል፣ ትራባለች፣ ትጠማለች፣ እረፍት ታጣለች፣ ሌሊት ትዞራለች። ፀጉሯ የተበጣጠሰና ቅባት የነካው ይመስላል። በሽታው በድመት ላይ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ለዚህ ነው እንኳን ጎረቤቶችሽ፣ ቀደም ብለው የተማሩ ሐኪሞችም በትምህርት ቤት ያላገኙት። እኛም ብንሆን ቢሾፍቱ ስንማር ልባችንም ጊዜያችንም ከብትና በግ ላይ ነበር፤ አገሩ የሚፈልገው እሱን ነውና አይፈረድም። ስለዚህ ክሊኒክ ስትመርጪ ውሻና ድመት አዘውትሮ የሚያይ ሐኪም ጠይቂ። ላም በማከም የተመሰከረለት ጎበዝ ሐኪም ሁሉ የድመት አንገት ዳስሶ የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ያገኛል ማለት አይደለም።

ከመሄድሽ በፊት ቤት ውስጥ የምትሠሪያቸው ነገሮች አሉ። ሐኪሙ በሩብ ሰዓት የማያያቸው ናቸው፣ ወጪም የላቸውም።

ክብደቷን መዝኚ። የሰው ሚዛን ካለሽ መጀመሪያ ብቻሽን፣ ቀጥሎ አቅፈሻት ውጪና ቀንሺ። የቤት ሚዛን በመቶ ግራም ሊሳሳት ስለሚችል የሕፃን ሚዛን ወይም የባለሱቁ የእህል ሚዛን ይሻላል፤ በዘንቢል አድርገሽ፣ የዘንቢሉን ክብደት ቀንሰሽ። ባለሱቁ ይስቅብሻል፣ ይሳቅ። 4 ኪሎ ከነበረች ድመት ላይ 400 ግራም መቀነስ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 6 ኪሎ እንደጣለ ነው፤ ሰው ላይ ቢሆን ቤተሰብ ሁሉ ይደነግጥ ነበር። ቀኑን ጽፈሽ በየሁለት ሳምንቱ ድገሚው። ከዚህ በኋላ ምንም ሕክምና ብትጀምሪ፣ መሥራቱንና አለመሥራቱን ቀድሞ የሚነግርሽ ይህ ወረቀት ነው።

ውሃዋን ለኪ። ጠዋት ለክተሽ ሙዪው፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የቀረውን ለኪ። ሌላ እንስሳ ከዚያ ሳህን እንዳይጠጣ፣ የቧንቧውን ጠብታ፣ የአበባ ማስቀመጫውን፣ ባልዲውንም ተጠባበቂ፤ ድመት ሳህኗን ትታ ባልዲ ትወዳለች። በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ በእርግጠኝነት ከልክ በላይ ነው። 3 ኪሎ ለሆነች ድመት 300 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ ማለትም አንድ ጠርሙስ ለስላሳ። ከዚያ በታች ሆኖም ከድሮዋ በግልጽ ከጨመረ ለሐኪሙ ንገሪው። አንድ ነገር አደራ፦ ሽንት አበዛች ብለሽ ውሃውን እንዳትቀንሺባት። የምትጠጣው ስለሚወጣባት ነው፤ ከከለከልሻት በአንድ ቀን ትደርቃለች።

ትንፋሿን ቁጠሪ። እንቅልፍ ላይ እያለች ደረቷ ሲነሳና ሲወርድ አንድ ብለሽ ለአንድ ደቂቃ። ከ30 በታች መሆን አለበት። በተደጋጋሚ ከዚያ ካለፈ ልቧ ወይም ሳንባዋ ላይ ነገር አለ። ታይሮይድ ልብን ስለሚያደክም ይህ ለጉሬዛ ከሌላው ድመት የበለጠ ያስፈልጋታል።

የኋላ እግሮቿንም አረማመድ ተመልከቺ፤ በስልክሽ ብትቀርጪው ጥሩ ነው። ጤነኛ ድመት በጣቶቿ ነው የምትራመደው። ተረከዟን መሬት አስነክታ፣ እንደ ጥንቸል ዝቅ ብላ የምትሄድ ከሆነ ‹እግሯን ያማታል› ያልሽው ነገር የስኳር ሊሆን ይችላል፤ ስኳር የእግር ነርቮቿን ሲጎዳ እንዲህ ያደርጋታል። አልጋ ላይ መውጣት የተወችው በመገጣጠሚያ ሕመም ከሆነ ግን አረማመዷ ደረቅ ደረቅ ይላል እንጂ ተረከዝ አይነካም።

አሁን ክሊኒክ። ገንዘብ ለሁሉም እንደማይበቃ አውቃለሁ፣ ስለዚህ እኔ ብሆን የማስቀድመውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ሽንት። ሽንቱን አንቺው ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ፦ የምትሸናበትን አሸዋ አውጥተሽ ሳጥኑን እጠቢ፣ በምትኩ ታጥቦ የደረቀ፣ ውሃ የማይመጥ ደቃቅ ጠጠር ስስ አድርገሽ አንጥፊ። ስትሸና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቅጂው፣ በንጹህ ብልቃጥ አድርገሽ ፍሪጅ አስገቢና በዚያው ቀን አድርሺ። ሐኪሙ በአንድ ጠብታ ሪፍራክቶሜትር በሚባል የሽንት ውፍረት መለኪያ ላይ ያየዋል። 1.035 እና ከዚያ በላይ ካነበበ ኩላሊቷ ሽንት ማወፈር ይችላል፣ ትልቅ እፎይታ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ብቻውን አይፈርድም፤ ታይሮይድም ስኳርም ሽንት ያቀጥናሉ። በዚያው ሽንት ላይ ስኳር መኖሩን በስትሪፕ ማየት ይቻላል። ይህን ካልጠየቅሽ ላይሠራልሽ ስለሚችል ጠይቂ። ደሟን ብቻ በጣት መመርመሪያ ማሽን ለክቶ ‹ስኳር አለባት› ማለት አይቻልም። ድመት ስትፈራ፣ በታክሲ ተጉዛ ውሻ እየጮኸባት ስትጠብቅ፣ የደም ስኳሯ ዘሎ ይወጣል።

ቀጥሎ ደም፦ ክሬቲኒን እና ቲ4። ክሬቲኒን ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው፤ ቲ4 ማለት የታይሮይድ ሆርሞኑ ልክ ነው። እዚህ ጋ በደንብ አንብቢኝ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ሁሉም የእንስሳት ክሊኒክ ቲ4 የሚሠራ መሣሪያ የለውም፤ ሐኪሙ ናሙናውን ወደ ሰው ላብራቶሪ ሊልከው ይችላል። ያ በራሱ ነውር የለውም። ነገር ግን የሚወጣው ወረቀት የሰውን መደበኛ ልክ ነው ጎኑ ላይ የሚያትመው። ሰው ላይ ከ5 እስከ 12 ማይክሮግራም በዴሲ ሊትር ገደማ ጤናማ ነው። ድመት ላይ ግን ጤናማው ከ1 እስከ 4 ገደማ ነው። ስለዚህ የጉሬዛ ቲ4 8 ቢሆን ወረቀቱ ‹ኖርማል› ይላል፤ እሷ ግን ከሚገባት እጥፍ ሆርሞን ተሸክማ ነው የምትሄደው። ‹ኖርማል ነው ተባልኩ› ብለሽ ወደ ቤት እንዳትመለሺ። ቁጥሩን ራሱን ጠይቂ፣ የተለካበትን መለኪያም ጠይቂ፤ ናኖሞል በሊትር ከተጻፈ 4 ማለት 51 ገደማ ነው። ክሬቲኒንም ቢሆን የሰው ልክ አይደለም የሚሠራላት፤ ለድመት 1.6 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር፣ በሌላው መለኪያ 140 ማይክሮሞል፣ ሲያልፍ ነው ኩላሊቷን የምንጠረጥረው።

ታይሮይድ ሆኖ ቢገኝ፣ እህትሽ ያለችበት አገር አንድ መርፌ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሰጥተው የሚያድኑበት መንገድ አለ። እኛ ጋ በእጅ ያለው ክኒን ነው። ስሙ ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል ነው። ሜቲማዞል ብዙ ጊዜ 2.5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ይጀመራል፣ ከዚያ ሐኪሙ በደም ውጤት ያስተካክለዋል። ፋርማሲ ሄደሽ ‹የታይሮይድ መድኃኒት› ብትይ ግን ፕሮፒልታዮዩራሲል፣ ፒቲዩ የሚሉትን ሊሰጡሽ ይችላሉ፤ ለሰው በሰፊው የሚታዘዘው እሱ ነው። አትቀበዪ። ድመት ላይ ተሞክሮ ቀይ የደም ሴሎችን የሚያፈርስና ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ጣጣ ስላመጣ ነው የተተወው። ሜቲማዞልም ቢሆን አንዳንዷን ያስመልሳታል፣ ምግብ ይዘጋባታል፣ ፊቷን እስኪደማ ያሳክካታል፤ ያኔ አቁመሽ ለሐኪሙ ደውዪ። ክኒኑን አትፍጪው፣ ከነካሽው እጅሽን ታጠቢ፤ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ባዶ እጇን አትንካው።

አሁን ቅድም ወደዚያ እመጣለሁ ያልኩት። ታይሮይድ የኩላሊትን በሽታ ይሸፍናል። ልቧ እየሮጠ ወደ ኩላሊቷ ብዙ ደም ይገፋል፤ የደከመውም ኩላሊት በዚያ ግፊት የሚሠራ ይመስላል። በዚያ ላይ ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው፤ ጡንቻዋ ካለቀ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። ክኒኑ ተጀምሮ ታይሮይዱ ሲረጋ እውነተኛው የኩላሊት ቁጥር ብቅ ይላል። ሰዎች ይህን ሲያዩ ‹መድኃኒቱ ኩላሊቷን ገደለው› ብለው ያቋርጣሉ። መድኃኒቱ አልገደለውም፣ የነበረውን ነው የገለጠው። ስለዚህ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ደሙ ይደገማል፤ ቲ4 እና ክሬቲኒን አብረው። ለዚህ ሁለተኛ ምርመራ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ብታስቀምጪ ይሻላል፤ እኔ የመጀመሪያው ላይ ሁሉን ጨርሰሽ ለሁለተኛው ባዶ እጅሽን ከምትቀሪ፣ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ምርመራ ተሠርቶ ቢደገም እመርጣለሁ።

የደም ግፊት የሚለካ ክሊኒክ ካገኘሽ አስለኪላት። በድመት የፊት እግር ወይም ጭራ ላይ በትንሽዬ መጠቅለያ ነው የሚለካው። ታይሮይድም ኩላሊትም ግፊት ይጨምራሉ፤ የላይኛው ቁጥር ከ160 በላይ ሲቆይ ዓይኗን ይጎዳል። ድመት በአንድ ሌሊት የምትታወረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ቀን በብርሃን የዓይኗ ጥቁሩ ክፍል ሰፍቶ ከቀረ፣ ወይም ከወንበር ጋር ከተጋጨች፣ የዚያኑ ቀን ሂጂ። መድኃኒቱ የሰው አምሎዲፒን ነው፣ ርካሽም ነው፤ ግን ድመት የሚሰጣት ብዙ ጊዜ ከ5 ሚሊ ግራሙ ክኒን አንድ ስምንተኛው ነው። ሐኪሙ ሳያዝ አይጀመርም። ሌሊት ማላዘኗም ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ከታይሮይድ፣ ከግፊት፣ ከጆሮ መደንቆር፣ ከሕመምም ሊሆን ይችላል። እንደ ሰው የመርሳት በሽታም ድመት ይይዛታል፤ እኔ ግን ይህን ስም የምሰጠው ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያበቃ ነው። እስከዚያው ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መብራት አብርተሽ እደሪ።

ምግብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ነው።

እናትሽ ወተት ማለታቸው ከፍቅር ነው። ትልቅ ድመት ግን የወተትን ስኳር በደንብ አትፈጭም፤ ሆዷ ይላላል። ጉሬዛ በሽንት ብዙ ውሃ እያጣች ባለችበት ሰዓት ተቅማጥ መጨመር አንፈልግም። ለእናትሽ ደስታ አንድ ማንኪያ ብትቀምስ አትሞትም፤ ሳህን ሙሉ ግን ይቅር።

ወጥ የነካው እንጀራ የምትሰጫት ከሆነ ዛሬ አቁሚ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተቀቅሎም ተቁላልቶም የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሁለተኛው ጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሉካንዳው ይዘጋል፣ ቤቱ ሽሮ ይሆናል፣ ድመቷም 55 ቀን አብራ ትጾማለች። ድመት መጾም አትችልም። ታውሪን የሚባል ነገር በቂ አድርጋ ራሷ መሥራት ስለማትችል ከሥጋ ነው የምታገኘው፤ ሲጎድላት ልቧ ይሰፋል፣ የዓይኗም ብርሃን ይጠፋል። ወጣቷ አይጥ አድና ትደጉማለች፤ አሮጊቷ ምን ታድን? ጾም ከመግባቱ በፊት ሥጋ ቀቅለሽ በትንንሽ ፌስታል ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። የዶሮ ጭንና ልብ ከነጩ የደረት ሥጋ የበለጠ ታውሪን አላቸው። ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ቀቅዪው፤ ውሃውን ግን አትድፊው። ታውሪኑ ግማሽ በግማሽ ወደዚያ ውሃ ይወጣል፣ መረቁም ውሃ ያስገባላታል። ከሥጋው ጋር አብረሽ ለብ አድርጊና ስጫት፤ የአሮጊት አፍንጫ ለቀዝቃዛ ምግብ ግድ የለውም።

ሥጋ ብቻውን ግን ካልሲየም ስለሌለው ለወራት የሚዘልቅ ምግብ አይደለም። ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን እርጥብ የድመት ምግብ መደባለቅ ከቻልሽ ደረቁን ከምትገዢ እሱን ምረጪ። ጉበት ደግሞ በሳምንት አንዴ በቂ ነው። ዓመት ሙሉ በየቀኑ ጉበት የምትበላ ድመት ቫይታሚን ኤ ይጠራቀምባትና የአንገቷና የጀርባዋ አጥንት እርስ በርሱ ይጣበቃል። አንገቷ አልዞር ብሎ፣ ጀርባዋን መላስ አቅቷት የሚያመጧት አሉ፤ ስጠይቅ የጉበት ደንበኛ ሆና ትገኛለች። ጉሬዛም አልጋ መውጣት ስለተወች ጉበት ትበላ እንደሆነ ለሐኪምሽ ንገሪው።

ስለ እግሯ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ 100 ድመቶችን ራጅ አይቶ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ መበላሸት አግኝቷል። ስለዚህ ሌላ በሽታ ኖረም አልኖረም መገጣጠሚያዋ ቢያማት አይገርመኝም። ለድመት የሚሆን ማስታገሻ አለ፣ ሜሎክሲካም ይባላል፤ ኩላሊቷ ሳይታይ ግን ማንም አይጀምርላት። እስከዚያ ድረስ አልጋው አጠገብ ዱካ፣ ከዱካው ጎን ደግሞ ጠንከር ያለ መከዳ አድርጊላት፣ በሁለት እርምጃ ትውጣ። የምትሸናበት ሳጥን ጠርዙ ከፍ ያለ ከሆነ አንዱን ጎን በቢላ ቁረጪው። ውጭ ሸናች ብለሽ የምትቆጫት ምናልባት ጠርዙን መዝለል ስላቃታት ነው። የታጠፈ ጋቢ፣ ፀሐይ የሚገባበት ቦታ፣ በቃ። ጥፍሯንም እዪ። ድመት ስታረጅ ግንድ መቧጨር ትተዋለች፣ ጥፍሩ እየወፈረ ይጠመዘዝና መዳፏን ይወጋል። አንዳንዴ ‹አንካሳ ሆነች› ተብላ የመጣች ድመት ችግሯ አውራ ጣቷ ላይ ሥጋ ውስጥ የገባ አንድ ጥፍር ሆኖ ይገኛል። ጫፉን ብቻ በጥፍር መቁረጫ፣ ከውስጥ የሚታየውን ሮዝ ሳትነኪ ቁረጪ።

አፏንም ግለጪና ተመልከቺ። ድዷ ጥርሱ ሥር ቀይ መስመር ከሠራ፣ በአንድ ጎን የምታኝክ ከሆነ፣ ምግብ ከአፏ የምትጥል ከሆነ ጥርሷ ያማታል። ‹አርጅታለች፣ ማደንዘዣ አትችልም› የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ የሚወስነው የልቧና የኩላሊቷ ውጤት ነው። ለጉሬዛ ግን ታይሮይዱ ሳይታወቅ ጥርስ አይነካም።

ቁንጫ ወይም መዥገር ካየሽባት ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን አቅልለሽም ቢሆን እንዳታጥቢያት። ራሷን ልሳ ትጨርሰዋለች። የውሻ ጠብታም ፐርሜትሪን ያለበት ከሆነ ለድመት መርዝ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ግን አርጅታለች ብለሽ አታቋርጪ፣ ግቢ የምትወጣ ድመት ናት።

ቀጠሮ የማይጠበቅበትን ደግሞ ልንገርሽ። የኋላ እግሮቿ በድንገት ሽባ ሆነው ቀዝቀዝ ካሉ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ራሷን ቀና ማድረግ አቅቷት አገጯ ደረቷ ላይ ከወደቀ፣ ወይም ይህን ሁሉ ስትበላ የነበረችው ሁለት ቀን ምግብ ከዘጋች፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቀስቅሺ። ጠፍጣፋ ሆና እስክትተኛ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርስ።

እስከ ምርመራው ቀን ድረስ የምትፈልገውን ያህል ትብላ፣ የምትፈልገውን ያህል ትጠጣ። ክብደቷን፣ የውሃውን ልክ፣ የሽንቱን ቁጥር፣ ክሬቲኒኑንና ቲ4ውን ከነመለኪያቸው ጽፈሽ ላኪልኝ። የወረቀቱን ፎቶ ብታነሺው ይሻላል፤ ‹ኖርማል› የሚለውን ቃል ሳይሆን ቁጥሩን ነው ማየት የምፈልገው።